ከሆመቾ የመጣው አንባቢ

ባለቤቴ መምህር ነበር። ስለ ሌሞ ወረዳ ገበሬዎች ኑሮ አጫጭር ልብ ወለዶች ይጽፍ ነበር፤ አንድ መጽሐፍም በራሱ ወጪ አሳትሞ ሆሳዕና ላሉ ሱቆች ሰጠ። ወዳጆቹ "ጥሩ ነው፣ በርታ" ብለው አለፉ። አንድ ባልደረባው "ስለ እንሰትና ስለ ፈረስ ጋሪ ማን ያነባል? እሱን ሸሽተን አይደል የተማርነው?" ብሎ ሲስቅ እሱም አብሮ ሳቀ። ማታ ግን ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ አላወራም። ታሞ ከተኛ በኋላ አንድ ቀን ብቻ "ለመሆኑ ለማን ነበር የጻፍኩት?" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲሞት ብዙ ሰው አለቀሰለት። ጥሩ መምህር፣ ጥሩ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተባለ። መጽሐፉን ያነሣ ግን አልነበረም።

ከወራት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የማላውቀው ሰው በሩን አንኳኳ። ከሆመቾ የመጣ ገበሬ ነው። የባለቤቴን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

"መምህሩ አሉ? ልከሳቸው ነው የመጣሁት" አለና ሳቀ።

"በምን?" አልኩት። አስገብቼ ሻይ ቀዳሁለት።

"በፈረሱ ነዋ! ያ ገበሬ ጋሪ የሚጎትትለትን ፈረስ ለምን ይሸጣል? ማታ ማታ ለቤተሰቡ በሀዲይኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። እዚያ ስንደርስ ሚስቴ 'ልጁን ሊያሳክም ነው፣ አበጀ' አለች። 'ፈረሱን ሸጦ ልጁን በጀርባው ሊያዝለው ነው?' አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን። 'ሂድና ራሳቸውን ጠይቅ፣ ያኔ ታፍራለህ' ብላ ሰደደችኝ።"

ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። መሞቱን ልነግረው አልኩና ተውኩት። ስለ ባለቤቴ በሕይወት እንዳለ ሰው የሚያወራልኝ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረኝም። ከመጽሐፉ ውስጥ እንሰት ስትፍቅ ከራሷ ጋር የምታወራውን አሮጊት አነሣ፤ "የእኛ ጎረቤት ናት! ማን ነገራቸው?" አለ።

ሻዩን ሲጨርስ "ታዲያ መቼ ይመጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሞቷል" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠና ተነሥቶ ወጣ። የተቀየመኝ መሰለኝ። ከግቢው በር ውጭ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እየጮኸ፣ ደረቱን እየመታ፣ እንደ ለቀስተኛ እንደገና ገባ። ሻይ እየጠጡ በተቀመጡበት ማልቀስ ነውር ሆኖበት ነበር የወጣው።

"ወንድሜን! ያን ገበሬ ለማን ትተኸው ሄድክ! ያቺን አሮጊት ለማን ተውካት! ማታ ማታ ቤቴን ያሳቅክ፣ ሚስቴን ያስለቀስክ!"

የሌላውን ሰው ሁሉ ለቅሶ ቆሜ ነበር የሰማሁት። የእሱን ስሰማ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ይህን ሳይሰማ መሄዱ አንገበገበኝ። ሰውየው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን፣ ባለቤቴ ታሞ ተኝቶም ቢሆን ስለ ፈረሱ ይከራከረው ነበር።

ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምታ፣ ሌላ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች።

"ይሄ ደግሞ ማነው? ወንድሙ ነው?" አለችኝ በጆሮዬ።

"አንባቢው ነው" አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኑ ቁጭ አለችና ከእሱ ጋር ማልቀስ ጀመረች።