የቀሚሴ ጭጎጎት

ባለፈው ሳምንት እርጉዟን የወንድሜን ሚስት ላግዝ ብዬ ልብስ ሳጥብ፣ የወንድሜ ሱሪ ጠርዝ ላይ ጭጎጎት ተለጥፎ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ይኼ ልብስ ላይ የሚጣበቅ የዱር ፍሬ በልጅነቴ ስንቱን አሳይቶኛል!

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለት ልጆች አርባ ቀን ሳይሞላቸው ሞተው፣ እናቴ እንደገና አርግዛ ነበር። "ይኼ እንኳ ይቆይልኝ" ትላለች ሆዷን ይዛ። አክስቴ ዘሃራ ታዲያ ዱዓ ልታስደርግላት ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ጋራው ደን ውስጥ ወዳለው ጥንታዊ መስጊድ ይዛኝ ወጣች።

"ወላሂ፣ አንዲት ቅጠል ይዘሽ ብትወጪ ዱዓችን እዚሁ ይቀራል!" አለችኝ ጫማችንን ስናወልቅ። ከታች ሙቀቱ ይጠብሰን ነበር፤ ደኑ ውስጥ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ጣራ የሌለውን የድንጋይ ግድግዳ የጽድ ሥር አቅፎ ይዞታል። ጉሬዛዎች ከላይ ቁልቁል ያዩናል። ገበያ ላይ ድምጿ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ድረስ የሚሰማው አክስቴ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ፈራሁ፤ መሄድ ግን አላሰኘኝም። አላህ ከዛፎቹ ኋላ ቆሞ የሚሰማን መሰለኝ። ቦታውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ዱዓ አድርገውልን ወረድን።

ቤት ደርሼ እግሬን ስታጠብ፣ ወይ ጉዴ! የቀሚሴ ጠርዝ ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኗል። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅ ገደልኩት አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ለአክስቴ እያለቀስኩ ነገርኳት። "አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽን!" ብላ እየጎተተች መልሳ ወደ ደኑ አወጣችኝ። ሽማግሌው ቀሚሴን አይተው ሳቁ።

"ልጄ፣ ጭጎጎት መቼ ይወሰዳል? እሱ ነው የሚይዘው። የሚመጣውም ልጅ እናቱን እንዲህ ይያዛት።"

"አሚን!" አለች አክስቴ፣ ደኑን በሚያናጋ ድምፅ።

ወንድሜ ሰዒድ ተወለደ፤ አርባ ቀኑም ዓመቱም አለፈ። እናታችን እስክትሞት "ጭጎጎቴ" ስትለው ኖረች። ዛሬ ባጃጅ ጋራው ሥር ድረስ ይደርሳል። ወጣቱ ግድግዳው ሥር ፎቶ ይነሳል፤ ጫማ የሚያወልቅም ብዙ የለም። ያ ዝምታ ይናፍቀኛል።

ያን ጭጎጎት የያዘ ሱሪ ለሰዒድ አሳየሁት። "የት ሄደህ ነው?"

ሰዒድ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን አጥታ፣ ይኼ ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። "ለማንም ሳልናገር ወጣሁ፤ ጫማዬንም አውልቄ ነበር" አለኝ። "ጭጎጎቱን መልሼው ልምጣ እንዴ?"

"ተወው" አልኩት፤ "ይያዝ።"