ባዶው መደብ

ጀጎል ውስጥ ክፍል በተከራየሁ ሰሞን የመጀመሪያው ስህተቴ ቁጭ ማለት ነበር። በሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የማን እንደሆኑ የታወቀ ነው። እኔ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደብኩ መምህር፣ ምን አውቄ፣ የተመቸኝ ላይ ዘፍ አልኩ። አከራዬ እማማ ሳይቆጡ ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ቦታው የልጃቸው ነው አሉ። ልጁ ባሕር ከተሻገረ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ወሬውም ጠፍቷል።

እሳቸው ግን በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ ትራሱን አራግፈው ሰላምታ ያቀርቡለታል። ከዚያ መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እከታተል ነበር። የሚያስተምሩን ቄስ «ኬኖስ»፣ ማለትም «ባዶ»፣ የሚል የግሪክ ቃል ሰጥተው ለሳምንት አብራራ አሉኝ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ምንም የሌለበት ዕቃ፤ ባዶ እጁን የተመለሰ አገልጋይ፤ ፍሬ የሌለው ድካም። ምሳሌ ሲጠፋኝ የእማማን መደብ ጨመርኩበት። በራሴም ኮራሁ።

ዓርብ ከሰዓት እማማ ገበያ ወጡ። ምሳሌዬን ቀረብ ብዬ ልየው ብዬ ትራሱን አንስቼ መደቡን በመዳፌ ነካሁት። ይሞቃል። ሰው አሁን የተነሳበት ዓይነት ሙቀት ነው። ፀሐይ እዚያ ጥግ አትደርስም። ሌሎቹን መደቦች ዞሬ ነካካኋቸው፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው። ምን እዋሻለሁ፣ ፈራሁ። ምሳሌውን ከደብተሬ ሰረዝኩ። በማግስቱም ቄሱ ፊት እየተንተባተብኩ ተቀመጥኩ።

ከወር በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ። ልጁ ለካ ያን ሁሉ ዓመት በሰው አገር ታስሮ ኖሯል። የሞተው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። እማማ «ኢናሊላሂ» አሉ።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እኔ መቀመጫ አጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እማማ አዩኝና የልጃቸውን መደብ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። አመነታሁ።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። «አሁን ባዶ ነው።»

ተቀመጥኩ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር።