ዳገቱ የቀለለ ሰሞን

ሰገነት ባሏ ደስ ሲለው ማየት የማትጠግብ ሴት ናት። ጣጣውም የመጣባት ከዚሁ ነው።

ባሏ ቦጋለ ብስክሌት ጋላቢ ነው። ሶዶ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ክለብ ውስጥ የወጣትነት ዘመኑን ሁሉ ሲረግጥ ኖሮ አንድም ዋንጫ ቤቱ አላስገባም። ሜዳው ላይ የሚቀድመው የለም ማለት ይቻላል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ፣ እሱ ላቡን እየጠረገ ከኋላ ይደርሳል። ሠላሳውን ካለፈ ቆይቷል። ክለቡ ደግሞ ለመጪው ዓመት ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሰናበት የሚወስነው ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ውድድር ነው።

ስለዚህ መስከረም ሲጠባ አንድ ዘዴ ይዞ መጣ። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ እያሉ መርገጥ። እንዲህ ያደረገ እግር ብረት እንዳነሳ ሰው ይጠነክራል ሲሉ ሰምቷል። አሠልጣኙ ሚልክያስ ነገር ቶሎ የማያምን ሰው ስለሆነ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ይጠቅማል የሚሉም አሉ፣ ጉልበት የፈለገ ብረቱን ራሱን ያንሳ እንጂ ቀስ ብሎ መርገጥ ከተለመደው አይበልጥም የሚሉም አሉ፣ እኔ አላውቅም አለው። ቦጋለ በእግሬ አሳያችኋለሁ ብሎ ወጣ።

ሰገነት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው በላይ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ድሮ በባጃጅ ነበር የምትሄደው። ቦጋለ አንድ አሮጌ የቻይና ብስክሌት አገኘ፤ ማርሹ ከባዱ ላይ ዝጎ የቀረ፣ ሌላ ሰው በነፃም የማይወስደው። የኋላ መጫኛው ላይ አሮጌ ጋቢ አጠፈና ሚስቱን አስቀመጣት። ሚልክያስም ለቀልድ ያህል የክለቡ ሚዛን ላይ አወጣትና ሃምሳ ስምንት ኪሎ መሆኗን አይቶ፣ ጭነትህን እወቅ አለው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብረው ይወጣሉ። እግሩ እንዳይፈጥን ሰገነት በመዳፏ ጀርባውን መታ መታ ታደርግለታለች፣ ቀስ እያለች፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። አያወሩም፤ እሱ ትንፋሽ የለውም። እሷ ግን ከቀኑ ሁሉ ያችን ሰዓት ትወዳት ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልብሷ ይሰፋት ጀመር። መጀመሪያ ደስ አላት፤ የትኛዋ ሴት ትጠላለች። ቆይቶ ግን የጋብቻ ቀለበቷ እየወለቀ አስቸገራት፣ በክር ጠቀለለችው። ዝም ብላ በተቀመጠችበት ልቧ ይሮጣል፤ ጠመኔ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከድሮው እጥፍ ትበላለች፣ ሰውነቷ ግን ይሟሽሻል። መምህራኑ ሲጠይቋት ጾም ነው አለች። ሁዳዴ ስለገባ ሁሉም አመናት። ነጠላዋን አንገቷ ድረስ ትከናነብ ነበርና እዚያ የወጣውን እብጠትም ያየ የለም።

በዚያው ሰሞን ዳገቱ ለቦጋለ ይቀልለው ጀመር።

ድሮ ጥርሱን ነክሶ የሚያልፋትን ጠመዝማዛ አሁን እያፏጨ ያልፋታል። ማታ ቤት ሲገባ ጭኑን እየመታ ያሳያታል። ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ፤ ጎረቤት ሳይቀር ምን አገኘ ብሎ ጠየቀ። ሚልክያስ ራሱ ጥርጣሬውን ዋጠ፣ የክለቡ ልጆችም ዘዴውን ቀዱ። ሚስት ያለው ሚስቱን፣ እጮኛ ያለው እጮኛውን፣ ምንም የሌለው ጆንያ ጭኖ ተራራ ለተራራ ሲንገላታ ከረመ። ለማንም አልቀለለውም። እነሱ ግን ጥፋቱን በራሳቸው አሳበቡ።

ሚስቱ መክሳቷን እንዴት አላየም ትሉ ይሆናል። አብሮ የሚያድር ዓይን ቀስ በቀስ የሚሆነውን አያይም፤ ደስ ያለው ዓይን ደግሞ ጭራሽ አያይም። ሰገነት ግን ገብቷት ነበር። ጀርባው ላይ ጉንጯን አስደግፋ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ስትሰማ፣ የቀለለው ዳገቱ ሳይሆን እሷ እንደሆነች አወቀች። አንድ ማታ ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት፤ አሠልጣኙ ዘንድሮስ ከሚቀሩት ውስጥ ነህ ብሎኛል አላት። ቃሏን ውጣ እራት አቀረበች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ክፍል ውስጥ ለልጆች ያስተማረች ሴት ናት እንግዲህ። ውድድሩ ይለፍ ብላ ራሷን አሳመነች። ፋሲካ መጣ፤ ዶሮውንም በላች፤ ክሳቷ አልቆመም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ቅዳሜ አራስ እህቷን ልትጠይቅ አረካ ሄደች። ቦጋለ ልምምዱን መዝለል አልፈለገም። ከጓሮ የተቆፈረ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉትን፣ ጆንያ ውስጥ ሞልቶ ወፍጮ ቤት አስመዘነው፣ ልክ በሚስቱ ኪሎ፣ ሃምሳ ስምንት። መጫኛው ላይ አሥሮ ወጣ። መጀመሪያዋ ጠመዝማዛ ላይ እግሩ እምቢ አለ። ጎማውን አየ፣ ደህና ነው። ፍሬኑን አየ፣ አልያዘም። እንደገና ረገጠ፤ እንደ መስከረሙ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ መስከረሙ እያቃሰተ። ከዚያ ቆመና ጆንያውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን በእጁ ሞከረው።

ሰገነት ማምሻውን ከሚኒባስ ወርዳ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወድቆ የተጎዳ መሰላት። ተነሳና ሁለት እጁን ብብቷ ሥር አግብቶ ከመሬት አነሳት። እንደ ሙሽርነታቸው ቀን አነሳት፤ ያን ቀን ግን ከበድሽኝ ብሎ ወገቡን ይዞ ስቆ ነበር። አሁን እንዳይሰብራት የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ አወረዳትና ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አለች። «እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ከነገርኩህ ያ ደስታ ዳግመኛ አይመጣም ብዬ ፈራሁ።»

ቦጋለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንቺ ስታልቂ እኔ ስደሰት ነው የከረምኩት» አለ። እሷም አለቀሰች፣ ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

ሰኞ ማለዳ ኦቶና ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ የአንገቷ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ሥጋዋን እየጨረሰ መሆኑን ነገራቸው፤ መድኃኒቱን በትዕግሥት ከወሰደች ሰውነቷ እንደሚመለስ፣ ልቧም እንደሚረጋጋ፣ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ግን ልቧን ይጎዳው እንደነበር አስረዳቸው። ቦጋለ ይህችን የመጨረሻዋን ሲሰማ እጇን አጥብቆ ያዘ። በውድድሩ ቀን ጋላቢዎቹ ሲሰለፉ እሱ ለሁለተኛ ምርመራ ከሚስቱ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ክለቡ አሰናበተው። ሚልክያስ ብስክሌቶቹን እየጠገነ እንዲቆይ ቦታ ፈለገለት። ስለ ከባዱ ማርሽ ከተጠየቀ አሠልጣኙ ዛሬም አላውቅም ነው የሚለው።

ክረምቱ አለፈ። ትምህርት ተከፍቶ ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ሰገነት የድሮው መጫኛ ላይ ወጣች። ባጃጅ ይሻለኛል ብላው ነበር፣ እምቢ አላት። የመጀመሪያዋን ጠመዝማዛ እንደምንም አለፉ። ሁለተኛዋ ላይ ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ ቆመ። ሚስቱን ጭኖ በዳገት ከብስክሌት ወርዶ የማያውቀው ቦጋለ ወረደ። ሰገነት ደንግጣ እኔም ልውረድ አለች፤ እጁን ጭኗ ላይ አድርጎ ከለከላት።

ላቡ በዓይኑ ይወርዳል። ዞሮ አያት፣ ጉንጯን፣ አንገቷን፣ ክንዷን።

«ከብደሻል» አላት።

ሰገነት እጇን ትከሻው ላይ ጣለች። እሱም መሪውን ይዞ፣ እየሳቀና ዓይኑን እየጠረገ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ገፋት።