መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች ወጣት መምህርት አለች። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶን ቆራርጣ በረንዳዬ ላይ ዘረጋችው። አንዱ ላይ እንቁላል ሥላለች፣ አንዱ ላይ የተሰነጠቀ እንቁላል፣ አንዱ ላይ ጫጩት፣ አንዱ ላይ ዶሮ። ዘንድሮ መመደቧ ነው፤ አንደኛ ክፍል ሰጥተዋታል።

“እማማ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አስተምረዋል። ልጆቹ ዶሮዋን እያስቀደሙ አስቸገሩኝ። ድርጊትን በቅደም ተከተል መደርደር እንዴት ነበር የሚያስተምሯቸው?” አለችኝ።

ዶሮዋን ያስቀደሙት ልጆች ከሁለታችንም ሳይሻሉ አይቀሩም፤ እንቁላሉን የጣለው ማን ሆነና። ይህን ብያት ስቀን ማለፍ እንችል ነበር። እኔ ግን ራሴን አመመኝ ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ምንም አላመመኝም።

የኩታበር ከተማ ልጅ ነኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ መምህርት ሆኜ የተመደብኩት ከመካነ ሰላም ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አምባ ላይ ነበር። በሦስት በኩል ገደል ነው። በአራተኛው በኩል ያለችው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ትሆናለች፤ ሰኔ ላይ የገባ ሰው መስከረም እስኪጠባ አይወጣም። ሌላው መምህርም ርዕሰ መምህሩም አንድ ሰው ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ወደ መካነ ሰላም ሲወርዱ ከድንች ቅቅሌና ከበሶዬ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። ከአምባው ጫፍ ቆሜ ማዶ ያለውን አገር ሳይ ደረቴን አንዳች ነገር ይጫነኝ ነበር። ሰዉ ደግ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግነቱም ያፍነኝ ነበር። የት ወጣሽ፣ ምን በላሽ፣ ለምን ከሳሽ የማይለኝ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ የዝውውር ጥያቄዬ ተቀባይነት አገኘ። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ኩታበር እገባለሁ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት ቀን በመቁጠር ነው።

ያን ጊዜ ነበር ቅደም ተከተል የማስተምረው። ከሳሙና ካርቶን አራት ካርድ ቆርጬ ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ፣ መውቃት ሣልኩባቸው። ሥዕል አልችልም፤ በሬዬን ልጆቹ አህያ ነው ብለው ተከራከሩኝ። ከሁሉም ቶሎ የገባት ጦይባ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርቱ በጣም ስለጣማት ወሬዋ ሁሉ በዚያው ሆነ። “መጀመሪያ ጥጃው ጠፋ፤ ቀጥሎ እናቴ ፈልጊ አለችኝ፤ በመጨረሻ አረፈድኩ” ትለኛለች በር ላይ ቆማ። እንዲህ አሳምሮ የሚያረፍድ ተማሪ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ትምህርት አልነበረም። ባደግሁበት ከተማ በዚያን ቀን ቆሻሻ ያልተቃጠለበት ደጅ የለም፤ ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይወጣል ይባላል። እኔም የአገሬ ጭስ ናፍቆኝ የትምህርት ቤቱን ግቢ ጠርጌ፣ ዘበኛው ጋሽ ይማም ድንች በሚጠብሱበት ጥግ ከምሬ አቃጠልኩት። ኅዳር በገጠር እህል ታጭዶ የሚከመርበት ወር መሆኑን፣ ገበሬ በዚያ ወር ሜዳ ላይ እሳት እንደማያነድ ልብ አላልኩም። ነበልባሉ ሲወርድ ያለቀ መሰለኝና ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ኡኡታ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የአቶ ሰይድ የገብስ ክምር ይነድ ነበር። የስምንት ሰው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ሰዉ ሲደርስ ክምሩ አጠገብ ያገኘው ጋሽ ይማምን ብቻ ነበር፤ ቅጠል ይዘው እሳቱን ይመታሉ፣ እጃቸው ተለብልቧል። አመዱም ያለው እሳቸው ሁልጊዜ በሚያነዱበት ጥግ ነው፤ ሰዉ የጠረጠረው እሳቸውን ነበር፣ ያየሁ የሚል ግን አልነበረም። ማንም እኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ በቀላሉ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ሙሄና የደብሩ ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰዉን በየሃይማኖቱ አስማሉት። ጥፋተኛ የሆነ ካልተናዘዘ ጎረቤት እሳትና ውሃ እንዳይሰጠው ተረገመ። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥን፤ በማግስቱም። ያልታጨደው ገብስ ከፊታችን ቆሞ ይረግፋል፣ ወፍ ይወርድበታል፣ ባለቤቶቹ ከሩቅ ያያሉ። አጠገቤ የነበረች ሴት የገብስ ቆሎ አዘገነችኝ፤ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። ብናገር ዝውውሩ ይቀራል፣ እዚያው አምባ ላይ የሰው እህል ያቃጠለች ተብዬ እኖራለሁ። ዝም ብል ያ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ታስሮ ይውላል። ተነስቼ መሄድ ደግሞ አይቻልም።

በአውጫጭኙ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ሼህ ሙሄ፣ “ወፍ ነግራኛለች። ያየች ልጅ አለች” አሉ። ወፍ የሚሉት በስውር ወሬ የሚያቀብለውን ሰው ነው። ጦይባን አባቷ እጇን ይዞ አመጣት።

“አብሽሪ ልጄ፣ ማንም አይነካሽ። ያየሽውን ብቻ ንገሪን” አሏት።

ጦይባ እኔን አየችኝና ክፍል ውስጥ እንዳለች ቀጥ ብላ ቆመች። “መጀመሪያ ቲቸር ቆሻሻ አቃጠሉ። ቀጥሎ ቤታቸው ገቡ። ቀጥሎ ነፋስ መጣ። ቀጥሎ ክምሩ ጨሰ። በመጨረሻ ጋሽ ይማም ቅጠል ይዘው ሮጡ።”

አንድም ነገር አላዛነፈችም። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሼህ ሙሄ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ብሆንም፣ መምህርት ነች ብለው አንድ ቀን “አንቺ” ብለውኝ አያውቁም። “መምህርት፣ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። እንዳለችው ነው?” አሉኝ።

“ቆሻሻ ያቃጠልኩት በዋዜማው ነው፤ ውሃም አፍስሼበታለሁ” አልኩ። “ልጅ ናት፤ ቅደም ተከተል ገና አልገባትም። ትናንትን ከዛሬ ታምታታለች።”

አንዷን ካርድ ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ይህን ያህል ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ጦይባ አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች፤ የት ላይ እንደሳተች ልትፈልግ። ያኔ ጋሽ ይማም ከኋላ ተነሱ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ማወቃቸውን ያኔ አወቅሁ። ከዚያ የሚረግፈውን ገብስ አዩ። “በቃ ልጅቷን አታስጨንቋት። እሳቱ የእኔ ይሁን፤ ሰዉ ወደ አዝመራው ይሂድ” አሉ።

ሰዉ ማጭዱን እያነሳ ተበተነ። ጋሽ ይማም ከዘበኝነታቸው ወረዱ፤ ቅሬ ከሚባለው የቀብርና የሐዘን ማኅበርም ለዓመት ታገዱ። በዚያው ዓመት ወንድማቸው ሲሞት ቀባሪ አጥተው ከልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን ቀበሩት አሉ። እኔ ያኔ ኩታበር ነበርኩ።

ከአውጫጭኙ በኋላ ሰኞ ክፍል ገባን። አራቱን ካርዶች ለጦይባ ሰጠኋት፤ ምናልባት ይቅርታ መጠየቄ ነበር። ሌላ ጊዜ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። አሁን ግን ሳትደረድራቸው ቀና ብላ፣ “ቲቸር፣ እርስዎ እንዴት ይሁን ይላሉ?” አለችኝ።

ኩታበር የቆየሁት ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ የዚሁ የወሎ ቦረና ሰው አግብቼ እዚሁ መካነ ሰላም ተመለስኩ፤ ባሌ የሸሸሁት አገር ሰው መሆኑ ሲያስቀው ኖረ። ለእሱም አልነገርኩትም። ጋሽ ይማም ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ አልቅሻለሁም፤ ሰዎች አስተማሪዋ ደግ ናት ብለው አመሰገኑኝ።

ትናንት ወጣቷን መምህርት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ስታዳምጥ ቆይታ፣ “ልጅቷስ?” አለችኝ።

ጦይባ ዛሬ እዚሁ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ እህል ትሸጣለች፤ ትልልቅ ልጆች አሏት። ስንዴም ገብስም የምገዛው ከሌላ ሰው ነው። የእሷን መደብ ላለማለፍ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ እገባለሁ፤ ጉልበቴን እያመመኝ። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኝተን ዘንቢሌን ልትሸከምልኝ እጇን ዘረጋች። አልከበደኝም ብያት አለፍኩ።

“እማማ፣ ነገ እኮ ገበያ ነው” አለችኝ ወጣቷ መምህርት።

አዎ፣ ነገ ገበያ ነው። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ስንት የገበያ ዋዜማ እንዳደርኩ የማውቀው እኔ ነኝ።