የአረም ቆጣሪው ጉልበት

ሌላው ሰው አረሙን ይነቅላል፤ እሱ ግን ቆጥሮ ይተወዋል። እንዲህ ሲል ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ጎረቤቶቹ «የአረም ስም ሲጠራ ነው የሚውለው» እያሉ ይተርቡታል። እውነታቸውን ነው። የምርምር ጣቢያው የቀጠረው በስንዴው መሀል ስንት ዓይነት አረም እንደሚበቅል እንዲቆጥር ነው። ሲናሩን፣ ሙጃውን፣ ማገጡን ገና በሁለት ቅጠሉ ይለየዋል።

የሥራው ሕግ አንድ ነው። ለማሳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ክፈፍ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራል። ብረቱ ካረፈበት ተንበርክኮ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። መምረጥ የለም፤ ሰው ከመረጠ የሚመቸውን ነዋ የሚመርጠው።

ጉልበቱን ሲያመው ግን የማሳው ድንጋያማ ጥግ አስመረረው። እዚያ ኮሸሽላ የሚባለው እሾሃም አረም ሞልቷል፤ በሥሩም ሌላ ቦታ የማይገኙ ደቃቅ አረሞች ተጠግተው ይኖራሉ። አንድ ቀን ከመወርወሩ በፊት አጮልቆ አየና ብረቱን ወደ ለስላሳው አፈር ላከው። «ለዛሬ ብቻ» አለ። ያቺ ዛሬ ስድስት ዓመት ሞላት።

የጣቢያው ተመራማሪ ቢሮዋ ጠራችው። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ሲናርን ከስንዴ መለየት ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ በቆጠራዎ መሠረት ኮሸሽላ እኮ ከማሳችን ጠፋ። ከሃያ ሦስት ዓይነት አረም አሥራ ስድስቱ ብቻ ቀርተዋል። ነገ የምርምር ጽሑፉን ለኅትመት እልከዋለሁ፤ የእርስዎንም ስም ከስሜ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ።»

ወረቀቱ ላይ ስሙን አየው። እስከዚያ ቀን ስሙ የታተመው መታወቂያው ላይ ብቻ ነበር። አመስግኗት ወጣ፤ ምስጋናው አፉ ላይ መረረው።

ማታ ተመራማሪዋ ያለችውን ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከያዘችው ሱሪ ቀና አላለችም።

«ኮሸሽላ ጠፋ? ለካ እሱ ነው። ከጉልበትህ እሾህ በመርፌ ካወጣሁልህ ስድስት ዓመቴ።»

ጉልበቱን በእጁ ሸፈነ። አፈረ፤ ከእሷ ፊት የሚደበቅበት ቦታ አጣ።

«ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል።»

በማግስቱ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ኮሸሽላው አለ። የሸሸሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት እያየሁ ነው የወረወርኩት።»

ተመራማሪዋ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ተነሥታ ብረቱን ከበሩ ኋላ አወጣችና «እንሂድ» አለችው።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ዓይኑን በሻርፗ እንድታስርለት ለመናት። ደጋግሞ ወረወረ። አራተኛው ውርወራ ድንጋያማው ጥግ፣ ኮሸሽላው መሀል አረፈ። ጎንበስ ብሎ ተንበረከከ። እሱ ስም ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። ከእሾሁ ሥር ስድስት ዓመት ማንም ያልጻፋት ወይን ጠጅ አበባ ያላት ደቃቅ አረም ተገኘች፤ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። የራሱ ስም ጽሑፉ ላይ ይቅር አይቅር ተመራማሪዋ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ወደ ማታ እያነከሰ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አረማመዱን አየችና የምትሰፋውን አስቀምጣ ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠጋች። የሱሪውን እግር ሰብስባ መርፌዋን አነሣች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«እሱንስ አልቆጠርኩትም።»