ለማኤስትሮ ያላሳየሁት ምት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኮንጋ የሚሉትን ረጅም ከበሮ ገልብጬ ታቹን አየሁ። እኔ የማውቀው ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለተኛውን ቆዳ እየፈለግኩ ነበር። ማኤስትሮ ምን እንደጠፋብኝ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሰባቱም ሙዚቀኞች አብረው።

ማኤስትሮ የምንላቸው ፖርቶ ሪኮ ተወልደው አትላንታ ያረጁ የላቲን ባንድ መሪ ናቸው። ቲምባሌስ የሚባለውን ጥንድ ከበሮ ቆመው በዱላ ይመታሉ። የሐበሻ ሠርግ ተጠርተው ሄደው ከበሮ ስመታ ሰሙኝና ከአትላንታ ወጣ ብሎ ማሪዬታ በሚገኘው ጋራዣቸው ውስጥ ልምምድ እንድመጣ ነገሩኝ።

የተቸገርኩት በመጀመሪያው ምት ነው። ሠርግ ላይ አንድን ካላጠበቅክ ትከሻ አይነቃነቅም። እሳቸው ዘንድ ደግሞ አንድ ባዶውን ይታለፋል። እኔ በልማድ አንድን እደልቃለሁ፣ እሳቸው ባንዱን ያስቆማሉ። አንድም ቀን ግን አልተቆጡኝም። መዳፌን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆዳው ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። በዓመቱ ዋና ኮንጋ መቺ አደረጉኝ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አስቀሩኝ።

«ያን የሠርጉን ምት አሳየኝ። ዛሬ ፍሪ ነህ?»

«ኔክስት ዊክ ላሳይዎት» አልኩ።

ኔክስት ዊክ ስምንት ዓመት ሆነ። በየጊዜው ይጠይቁኛል፤ እኔም ሰበብ አላጣም። አንዴ ከበሮው ቆዳው ላልቷል፣ አንዴ መኪና ውስጥ አልያዝኩትም። ሙያ በልብ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሰሰትኩ። እሳቸው ከቻሉት እኔን ምን ያደርጉኛል ብዬ ፈራሁ። ያላቸውን ሁሉ የሰጡኝን ሰው!

ከዚያ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ያዘው። የሰማሁ ዕለት ከበሮዬን ጭኜ ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን ማሪዬታ ነዳሁ። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ጎናቸው ተንበርክኬ፣ በዝግታ፣ ምንም ሳልደብቅ መታሁ። ግራ እጃቸውን ቆዳው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቆንጆ ነው» አሉኝ። «ግን የሁለት እጅ ሥራ ነው።»

ባለፈው ዓመት አረፉ። ዛሬ እዚህ አገር በሐበሻ ሠርግ ኮንጋና ከበሮ አብረው ሲመቱ ሰዎች እኔ ያመጣሁት ይመስላቸዋል። ያመጡት ኮንጋን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይናፍቁኛል። መሳሪያ ባነሳሁ ቁጥር ባንዱን አስቁመው እጄን እንዲይዙኝ እጠብቃለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ ሙያ የጠየቃችሁን ሰው በዚያው ቀን አሳዩት።