«ና» ያለ ያበላል

ልጅ ሳለሁ የእኛ ገደል ረጅም ቃል አይሸከምም ነበር። መንደራችን ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወርዱ፣ ከመኪናው መንገድ ራቅ ብላ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ነበረች፤ ከእግራችን ሥር ቆላው ተዘርግቷል። ያኔ ስልክ የለም፤ ደብዳቤ የሚያነብም ከቄሱ በቀር አልነበረም። ቆላ የወረደ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው አፋፉ ላይ ጠሪ አቁሞ ያስጠራል። «እናትህ ታማለችና ቶሎ ድረስ» ቢባል ገደሉ ግማሹን ይውጠዋል፣ ግማሹን መልሶ ወደ ጠሪው ይወረውረዋል። ሳይሰበር የሚደርሰው ስምና አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ስሙ ይጠራና «ናአአ!» ይባላል። ከታች ተረተር ላይ ያለ ሰው ይሰማና ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ያም ለሌላው ያቀብላል፤ ቃሉ እንዲህ ከአፍ አፍ እየወረደ ሰውየው ካለበት ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ደባርቅ ባለችኝ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱን ከበቅሎ አከራይነት ተነስቼ አልጋ በአልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ከቀሩ ወዲህ ግን አብዛኛው ክፍል ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል፤ እኔም ደክሞኛል። ታናሹ ልጄ ጎንደር ነው። እንግዳ እያመላለሰ የሚኖር ሹፌር ነበር፤ ዛሬ ሥራ ፈቷል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራዩም ከብዶታል። እሑድ እሑድ ይደውላል። ጣሪያው አፍስሶ እንደሆነ፣ ላሟ ወልዳ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ የሚፈልገውን ግን አይጠይቅም። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ አፌን ታየኛለች። ስልኩ ሲዘጋ «አንዲት ቃል ምን አለበት?» ትለኛለች። «ቆይ እስቲ ላስላው» እላታለሁ። ዕድሜ ልኬን ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳላሰላ የተናገርኩት ቃል ጥቂት ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ከማንኛውም ቃል ይልቅ እፈራታለሁ፤ ለምን እንደምፈራት ለመናገር ወደ አያ ተገኘ ጎጆ መመለስ አለብኝ።

አያ ተገኘ የመንደራችን ጠሪ ነበሩ። በጉልምስናቸው የነጋዴ በቅሎ እየነዱ እስከ ምጽዋና እስከ መተማ የተመላለሱ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ከአንዲት ጎጆና ከአንዲት ቁራጭ የገብስ ማሳ በቀር ያልነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤት ውስጥ ድምፃቸው ከሳል ጋር እየተጎተተ የሚወጣ ነው፤ አፋፉ ላይ ሲቆሙ ግን እንደ ድንጋይ ደወል ይጠራል። ጥሪ የራሱ ሕግ ነበረው። ጠሪ በገዛ ፈቃዱ አይጠራም። አባወራው ራሱ መጥቶ «ጥሩልኝ» ማለት አለበት፤ ካለ ደግሞ የሚመጣው ሰው እህል በእሱ ላይ ይወድቃል። «ና» ያለ ያበላል። ለዚህ ነው ክረምት ላይ፣ ጎተራው ሲጎድል፣ አፋፉ ጭር የሚለው።

አባታችን ስለሞተ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ዓለሙና እኔ የምንኖረው ባየ ከሚባለው አጎታችንና ከልጆቹ ጋር ነበር፤ የአባቴ ወንድም ነው። መቁጠር የተማርኩት ከእሱ ነው። አንድ ዓመት ገብሳችንን ውርጭ መታው። አጎቴ የተረፈውን አውድማ ላይ አስጥቶ በቁና ሰፈረው፤ አፍ ካልተቀነሰ አዲሱ እህል ድረስ እንደማይዘልቅ ተናገረ። ከሁላችን ብዙ የሚበላው ዓለሙ ነበር። ዓለሙም ዱላውን አነሳና ዛሪማ አካባቢ ሊቀጠር ወደ ቆላ ወረደ።

ክረምቱ ሲጋመስ በርበሬ ሊሸጥ የወጣ አንድ ቆለኛ ለእናቴ ወሬ አመጣላት። ዓለሙን ንዳድ ጥሎታል፤ ቀጣሪውም «ወደ አገርህ ሂድ» ብሎታል። እሱ ግን ለሰውየው «ከጠሩኝ እወጣለሁ፤ ካልጠሩኝ እዚሁ ልቅር» ብሎ ነግሮታል። አፍ እንዲቀነስ የተሸኘ ሰው ሳይጠሩት አይመለስም፤ ያኔ ይህ ነውር ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ከበሽታው ይልቅ ነውሩን የሚፈራ ሰው ነበር።

እናቴ ለአጎቴ ነገረችው። እሱ እሳቱን ቆሰቆሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። የኩበቱ ጢስ ዓይኑን አስለቅሶት ይሁን ሌላ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገና «እህቴ፣ ‹ና› ማለት ምን ይከብዳል?» አላት። «ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንጂ። የትኛውን ልጅ ልከልክልለት?» ሒሳቡ ትክክል ነበር። እኔም በልጅ ጭንቅላቴ ደግሜ ቆጠርኩት፤ አልደረሰም።

በማግስቱ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከአፋፉ ድምፅ ተሰማ። «ዓለሙ! ናአአ!» አጎቴ ጋቢውን እየጎተተ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። አያ ተገኘ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጉሙ ውስጥ ቆመዋል።

«አያ ተገኘ፣ ማን አዘዘዎ?»

«ማንም።»

«በማን ጎተራ ነው የሚጠሩት?»

«በራሴ።»

«የእርስዎን ጎተራማ አውቀዋለሁ። አይጥ እንኳ ትታው ወጥታለች።»

«እንግዲያ ለዓለሙ ቦታ ተለቋል» አሉና መልሰው ወደ ገደሉ ዞሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወንድሜ በዱላው እየተደገፈ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ በራፉ ላይ ቆሞ አየው። የእኛን ቤት አልፎ፣ እናቴን በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሎ፣ ወደ ጠሩት ሰው ጎጆ ገባ። እናቴ አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች፤ አልተከተለችውም። ያኔ ሥርዓቱ ያ ነበር።

ከዚያ በፊትም የመንደሩ ልጆች ማታ ማታ ወደ አያ ተገኘ ጎጆ ለተረት እንሄድ ነበር። ከኩራዙ ይልቅ ፍሙ ያበራል፤ ጢሱ ከሣር ክዳኑ ሥር ተኝቶ ያመሻል፤ እኛ መሬቱ ላይ ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን። ተረቱ ሲያልቅ፣ እንደ የትም አገር፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ እንደ የትም አገር ሁሉ ዳቦ ያመጣ ልጅ ኖሮ አያውቅም። ወንድሜ የገባ ማታ ግን እንዲህ ካሉ በኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«አብሱ ብያለሁ እኮ። እኔ ስንት ዘመን በደረቅ አፌ ነው ያወራኋችሁ? ነገ ሳይታበስ የሚከፈት አፍ የለኝም።»

በማግስቱ እያንዳንዳችን ከራታችን ላይ ቆርሰን የገብስ ቂጣ ይዘን ሄድን፤ አንዳንዷ ከአውራ ጣት አትበልጥም። አያ ተገኘ አንድ በአንድ ተቀብለው ከንፈራቸውን ነካ ያደርጉበትና ወደ ኋላ፣ ዓለሙ በቁርበቱ ላይ ወደተኛበት ጨለማ ያቀብላሉ። «አፌ ተጠርጓል» ይላሉ። ሲታኘክ ይሰማናል። ከዚያ ተረቱ ይጀምራል።

አሁን ግን ችግር ነበረባቸው። አዲሱ ገብስ እስኪደርስ ብዙ ማታ ይቀራል፤ የሚያውቋቸውን የጦጣና የቀበሮ ተረቶች ደግሞ ሁሉንም ሰምተናቸዋል። ስለዚህ የማያልቅ ተረት ፈጠሩ፤ የተረቱም ጀግና አንዲት ቃል ናት። «ና» ከዚህ አፋፍ ላይ ትጠራለች፤ የሚሰማት ታጣለች፤ ገደሉም አልመልስሽም ይላታል። እሷም ሥራ ፍለጋ ዓለምን ትዞራለች። በየማታው አንድ አገር ትገባለች፤ በየአገሩም «አንቺን ለዚህ ነው የምንፈልግሽ» እያሉ ሌላ ሌላ ሥራ ይሰጧታል። በአንዱ አገር ውሃ ማለት ሆነች፤ ሰው ሁሉ ሲጠማው ይጠራታል። በሌላው የአህያ ስም ሆነች፤ ሰዎቹ እንግዳ ሲጠሩ አህያ እየመጣ፣ ለአህያ ወንበር ሲያወጡ ያድራሉ። በአንዱ አገር ደግሞ ስድብ ስለነበረች ገና በሩ ላይ ተደብድባ ተመለሰች፤ ያን ማታ አንዲት ልጅ አልቅሳላት ነበር።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲበረታ አጎቴ ሊወስደኝ መጣ። ተረቱ አላለቀምና በሩ ላይ ቆመ፤ ፍሙ የፊቱን ግማሽ ያሳይ ነበር። በዚያን ማታው አገር «ና» የንጉሡ ስም ሆናለች። የንጉሥ ስም አይጠራምና እናት ልጇን፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን መጥራት ተከለከለ። ሁሉም «ራሱ ይመጣል» እያለ በየበራፉ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የወጣም ሳይጠራ አልተመለሰም። በመጨረሻ ንጉሡ ማልዶ ሲነሳ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ስሙን የሚጠራውም አልነበረም። አያ ተገኘ ይህን ሲናገሩ ወደ በሩ ቀና አላሉም። አጎቴም እጄን ይዞ በጭቃው ውስጥ ወደ ቤት ወሰደኝ።

በማግስቱ ማታ ልወጣ ስል አጎቴ ጠራኝ።

«ቃሏ ዛሬ የት ትደርሳለች?»

አላውቅም አልኩት።

«መንገዷ ከረዘመ ስንቅ ያስፈልጋታል» አለና ያልተቆረሰ ሙሉ ቂጣ ሰጠኝ። የራሱ ራት ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ በሌሎችም ቤቶች ቁራሹ እየተለቀ መጣ። ማን እንዲህ አድርጉ እንዳለ አላውቅም፤ አንድም ሰው ስለ ዓለሙ ሲያነሳ አልሰማሁም። ሰዉ የሚጠያየቀው ቃሏ የት እንደደረሰች ነበር። መስቀል አልፎ የመጀመሪያው ገብስ ሲታጨድ ወንድሜ ያለ ዱላ መቆም ጀምሯል። አጎቴ ወደ ጎጆው መጣ፤ በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወንድሜ ከእሱ ሦስት ክንድ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ገደል ማዶ እንዳለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዓለሙ፣ ና» አለው። ወንድሜም ተነስቶ ሄደ።

አያ ተገኘ ያን በጋ አልፈው አረፉ። እኔ አደግሁ፤ ደባርቅ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሒሳብ የሚያስተምረን ህንዳዊ ነበር፤ አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ና» በእነሱ አገር ምን እንደሆነች ጠየቅኩት። «አይደለም ማለት ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ተረቱን እንደ ተረት ነበር የያዝኩት፤ ቃሏ እውነትም ዞራ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ፣ በቅሎ ሳከራይም ማረፊያውን ስከፍትም፣ እንግዳ ባገኘሁ ቁጥር በአስጎብኚው በኩል ያቺኑ እጠይቃለሁ፤ አስጎብኚዎቹ ይስቁብኛል። ለሩሲያው «እንካ» ናት። አንዲት ኬንያዊት «ከእገሌ ጋር» ስትል የምትጠቀምባት እሷን ነው። ከእስራኤል የመጡ ወጣቶች በመጽሐፋቸው ቋንቋ «እባክህ» እንደሆነች ነገሩኝ። ለታይላንዱ የሩዝ ማሳ ናት። የኮሪያው ሽማግሌ ጥያቄዬ ሲተረጎምለት ጣቱን ደረቱ ላይ አደረገ፤ «እኔ» ማለቱ ነበር። ጃፓናዊቷ ደግሞ «ስም» አለችኝ። አያ ተገኘ አንዱንም አላገኙትም፤ ውሃም፣ አህያም፣ ንጉሥም የሆነችበት አገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አሁን ሳስበው ግን ከእንግዶቹ የሰማኋቸው ሁሉ ያን ቀን ጉሙ ውስጥ ከቆሙት ሰውዬ አፍ የወጡ ይመስለኛል።

ወንድሜ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዳባት ነው የሚኖረው። አዲስ አገር በሰማሁ ቁጥር እነግረዋለሁ። «እኔ እኮ ያልበላሁት አገር የለም» ይለኛል። «የአህያው አገር ግን ቂጣዋ ትንሽ ነበረች።»

ባለፈው እሑድ ልጄ ደወለ። ዝናቡን ጠየቀኝ፤ ላሟን ጠየቀኝ። ከዚያ የሚያወራው አለቀበት፤ ስልኩ ውስጥ ከኋላው ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላ ነበር የሰነበትኩት፤ የስንዴውን፣ የዘይቱን፣ ያረጀውን ጣሪያ፣ የማይመጡትን እንግዶች፤ በየትኛውም በኩል ብይዘው አይገጥምም ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ና» አልኩት።

አልሰማ ይሆን ብዬ ልደግመው ስል «ማንን ይዤ?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

ድምፄ ከሳል ጋር ነው የወጣው። ባለቤቴ ቁልፎቹን ስታንቃጭል፣ ከዚያም የተዘጉትን ክፍሎች መስኮት ስትከፍት ሰማኋት። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና ጆንያዎቹን እንደገና ቆጠርኩ። በአጎቴ ቁና ከሆነ እስከ አዲሱ እህል አይደርሱም። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና አገሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ የህንዱን፣ የሩሲያውን፣ የኬንያዊቷን፣ የእስራኤሎቹን፣ የታይላንዱን፣ የኮሪያውን፣ የጃፓናዊቷን፤ በእነሱ ላይ አያ ተገኘ የፈጠሯቸውን ጨመርኩ። የልጅ ልጆቼ አንዱንም አልሰሙም። በየማታው አንድ አንድ ብነግራቸው፣ ተረቶቹ መስቀልን ያሻግሩናል።